ዛርጋንን የቀበርንበት የካቲት

ስልኩ ሲጮህ አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ቦት ጫማውን ስብ እየቀባ ነበር። ቅዳሜ ስለነበር እኔ ጂኦግራፊ ከማስተምርበት ከሶኩውካ ከተማ መጥቼ ከእናቴ ጋር ድንች እልጣለሁ። አባቴ ስልክ ሲያነጋግር ይጮኻል፤ ሰውየው ሩቅ ከሆነ ድምፁም በዚያው ልክ መጨመር ያለበት ይመስለዋል።

"አዎ፣ የመስጊዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው... ኢማሙማ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ኩላሊቱን አሞት... ሴት ናት?... እሺ። እሺ። ይዛችኋት ኑ።"

እናቴ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ማንን ነው ይዛችሁ ኑ ያልከው?"

"የሞተች ሴትዮ ናት።"

"የማን ሴትዮ?"

"ቼቼን ናት። ቢያዊስቶክ፣ ስደተኞቹ ካሉበት ቤት። ልቧ ቀጥ አለ ይላሉ። ልጇ መስቀል በበዛበት መቃብር አላስቀምጣትም ብሎ እምቢ አለ፤ ኃላፊዋ ሴትዮ ደግሞ የምታደርገው ጠፍቷት ለእኛ ደወለች።"

"አዳምን ሳትጠይቅ?"

"የሞተ ሰው በስብሰባ ነው እንዴ የሚቀበረው?" አለና ወደ ጫማው ተመለሰ።

አዳም የእናቴ ወንድም ነው፤ የመንደሩ ታታሮች ማኅበር ሊቀ መንበር። ማኅበር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስል፤ በመንደራችን የቀረነው ታታሮች አንድ አዳራሽ አንሞላም። የቀሩት ጎረቤቶቻችን ካቶሊኮችና ኦርቶዶክሶች ናቸው። አያቶቻችን ለፖላንድ ንጉሥ በፈረስ ተዋግተው ይህን መሬት ካገኙ ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። ቋንቋቸውን ግን ገና ድሮ ጥለውታል። የዚህን አገር ሴቶች አገቡ፤ ልጅ ደግሞ እናቱ የምታወራውን ነው የሚያወራው። ለእኛ የደረሰን ሶላቱ፣ መቃብሩ፣ ሥጋ በስስ ሊጥ እየደራረብን የምንጋግረው ምግብና የሁለት ስም ልማድ ነው። አባቴ በመታወቂያው ስቴፋን፣ በመስጊዱ ሱሌይማን ነው።

አጎቴ አዳም ወሬው ደርሶት ከምሳ በኋላ መጣ። ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀመጠ፤ ይህ ሲናደድ የሚያደርገው ነው።

"ስቴፋን፣ እስቲ አስተውል። የዋርሶ ሰዎች እዚህ ድረስ መጥተው 'የእኛ ታታሮች' የሚሉን ለምን ይመስልሃል?"

"ምግቡን ወደውት ነው።"

"አትቀልድ። ስላወቁን ነው። አያቴ በፈረስ ሲዋጋ የጦር ክፍሉ ባንዲራ ላይ ጨረቃ ነበረች፤ ያንን ስለሚያስታውሱ ነው። እነዚህን ግን ማን ያውቃቸዋል? ዛሬ አንዷን ትቀብራለህ፣ ነገ መቃብራችን የስደተኛ መቃብር ይባላል። ከነገ ወዲያ እኛም ስደተኛ ሆነን ቁጭ።"

"ያንተ አያቶች መጀመሪያ እዚህ ሲመጡ ከየት ነው የመጡት?"

"እነሱ ንጉሥ ጠርቷቸው ነው የመጡት።"

"እሷን ደግሞ እኔ ጠራኋት" አለ አባቴ።

እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ድስቷ ዞረች። አዳም ተነሣ። "ሴትዮዋን ጠልቼ አይደለም፣ ፌሊትሲያ፤ አንቺ ታውቂኛለሽ" አላት እኅቱን። "ነገር ግን ጭቃው ሲመጣ በዚህ ሰውዬ ላይ ብቻ አይደለም የሚለጠፈው።" በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ። ቢያላትመው ይሻለን ነበር።

የካቲት ነው፤ መሬቱ እንደ ብረት ደርቋል። አባቴ ድጅኖና አካፋ ይዞ ወደ መቃብሩ ሲወጣ ጎረቤታችን ዋሲል ከአጥሩ ማዶ አየው። ዋሲል ኦርቶዶክስ ነው። በቤቱ የሚያወራው ቋንቋ ፖላንድኛም ሩሲያኛም አይደለም፤ ምን ይባላል ሲሉት "የእኛው" ይላል።

"ማን ሞተብህ?"

"እንግዳ።"

"ታታር?"

"ቼቼን።"

"ሩቅ ነው" አለ ዋሲል።

"ሩቅ ነው።"

ዋሲል ሌላ አልጠየቀም። በጋሪው እንጨት ጭኖ መጣና በሚቆፈረው ቦታ ላይ እሳት አነደዱ። አፈሩ ሲላላ አመዱን ጠርገው ይቆፍራሉ፤ ጠንካራው ሲደርስ እንደገና ያነዳሉ። ትኩስ ሻይ ይዤላቸው ስወጣ ሁለት ሽማግሌዎች ጉድጓድ ውስጥ ደረታቸው ድረስ ገብተው ስለ አንድ የሞተ ፈረስ ይከራከሩ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ከወዲያኛው መንደር የካቶሊኮቹ ደወል ሲደወል፣ ግራጫ መኪና መስጊዱ በር ላይ ቆመ። መስጊዳችን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቤት ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለችውን ጨረቃ ያላየ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው ቢል አይፈረድበትም። ከመኪናው አንድ ቀጭን ወጣት ወረደ፤ የለበሰው ስስ የቆዳ ጃኬት ለዚህ ብርድ የሚሆን አይደለም። ቫኻ ይባላል፣ የሟቿ ልጅ። ከኋላው ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ወረደች፤ ፔቲማት፣ የሟቿ ምራት።

"አሰላሙ አለይኩም" አለ አባቴ።

"ወአለይኩም ሰላም።"

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ዝም። አባቴ ቼቼንኛም ሩሲያኛም አያውቅ፣ እነሱ ፖላንድኛ ገና አልለመዱ። አባቴ ረጅም እጁን ዘርግቶ መስጊዱን አሳየ፣ ቫኻ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገና ዝም ተባለ። በዚህ መካከል እናቴ እኔን ቀድማ በሩሲያኛ "ግቡ፣ ብርድ ነው" አለች።

ደንግጬ ዞርኩ። እናቴ ሩሲያኛን በትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ እንደ መራራ መድኃኒት ነበር የምትጠላው። እኔ እንኳ ስማር "አፍሽን ታጠቢ" ትለኝ ነበር። ከአፏ ሲወጣ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

ፔቲማት ቀና አለች። "እማማ፣ ሩሲያኛ ይችላሉ?"

"በግድ አስተምረውኝ ነው።"

"እኛንም" አለች ፔቲማት።

ቫኻ መጀመሪያ መቃብሩን ማየት ፈለገ። አባቴ፣ ቫኻና እኔ ወደ ጥዱ ኮረብታ ወጣን፤ እኔ የሄድኩት ሩሲያኛውን ላስተረጉም ነው። ዋሲል ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ካፖርቱን አንጥፎ ተቀምጧል። ቫኻ በመቃብሮቹ መካከል ቀስ እያለ ሄደ፤ ድንጋዮቹን እያነበበ ቆመ። አሌክሳንደር። ሮዛሊያ። ኮንስታንቲ። ከላይ ጨረቃና ኮከብ፣ ከሥር ስም፣ አንዳንዱ ላይ በሸክላ የታተመ ፎቶግራፍ።

"ይሄ የክርስቲያን መቃብር ነው" አለ።

"የእኛ ነው" አልኩት።

"ሙስሊም መቃብሩ ላይ ፎቶ ይለጥፋል? ሙስሊም ስቴፋን ተብሎ ይጠራል?"

ለአባቴ መንገሩ ከበደኝ። አባቴ ግን "ያለውን ንገሪኝ፤ አታሳምሪው" አለኝ። ነገርኩት። ባርኔጣውን አውልቆ በረዶውን አራገፈና መልሶ አጠለቀው።

"እናቴ ሱሌይማን አለችኝ። አስተማሪዋ መጥራት ሲያቅታት ስቴፋን አለችኝ። ሁለቱም ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ በይው። ፎቶውን እኔም አልወደውም፤ ሰዎቹ ግን ወደውታል፣ ሙታን ደግሞ አልተቃወሙም።"

ቫኻ ይህን ሲሰማ ፊቱ አልተፈታም። "እናቴን እዚህ አላስቀምጥም" ብሎ ወደ መኪናው መውረድ ጀመረ።

አባቴ አልተከተለውም። ዕድሜውን ሙሉ ለካቶሊኮቹ ሙስሊም መሆን ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ኖሯል፤ ሙስሊም አይደለህም ሲባል ግን ያ የመጀመሪያው ነበር።

የተናገረው ዋሲል ነው፤ ያ "የእኛው" የሚለው ቋንቋ ደግሞ ሩሲያኛ የሚያውቅ ሰው የሚሰማው ነው።

"ልጄ! እናትህ ካረፈች ስንተኛ ቀኗ ነው?"

ቫኻ ቆመ። "ሁለት።"

"እንግዲህ አሁን ወዴት ልትወስዳት ነው?"

ቫኻ ወደ ታች ወደ መኪናው አየ፤ ከዚያ ወዲያ ወዳለው ሜዳ አየ። በረዶና የጥድ ዛፍ ብቻ ነበር። ተመልሶ መጣና ከዋሲል ጎን ካፖርቱ ላይ ተቀመጠ።

"ከአገራችን ከግሮዝኒ ይዣት ወጣሁ" አለ። "መኪና ያጣን ቀን በጀርባዬ አዘልኳት። በየድንበሩ 'ልጄ፣ ደረስን?' ትለኛለች፣ እኔ 'ትንሽ ቀረን' እላታለሁ።"

ዋሲል ከሻዩ ቀዳለት። ቫኻ ጠጣ፤ ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ አየ፤ እጁን ሰድዶ ጎኑን ዳሰሰው። የቂብላው አቅጣጫ የት እንደሆነ ጠየቀ፤ አባቴ አሳየው።

"ፎቶ አይለጠፍባትም።"

"አይለጠፍባትም" አለ አባቴ።

ከመስጊዱ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል ሟቿን፣ ዛርጋንን፣ አጠብናት። እናቴና ፔቲማት ያጥባሉ፣ እኔ የሞቀ ውኃ አቀብላለሁ። ቀጭን አሮጊት ነበረች፣ ነጭ ጸጉሯ በሁለት ተጎንጉኗል። እናቴ ጉንጉኑን ስትፈታ "ማን ነው የሠራላት?" አለች።

"እኔ፣ እማማ። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምሠራላት። ሲያማትም።"

"ጥሩ አድርገሽ ጎንጉነሻል።"

ፔቲማት ውኃውን በእጇ እያፈሰሰች ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች። ባሏ ኢሳ ይባላል፣ የቫኻ ታላቅ ወንድም። አንድ ጠዋት ጭምብል ያጠለቁ ወታደሮች መጥተው ከቁርስ ላይ አንሥተው ወሰዱት። የገባበትን የጠየቀችው ሁሉ የለም አላት። ሞቷል ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም።

"እኛ ዘንድ ሴት ወደ መቃብር አትሄድም" አለች። "ወንዶቹ ይሄዳሉ፣ እኛ ቤት ሆነን እናለቅሳለን። ኢሳን ግን ወንዶቹም አልቀበሩትም። ሰው አፈር ሲገባ አይቼ አላውቅም፣ እማማ። ስለዚህ ሰው የሚሞት አይመስለኝም። በሩ ሲንኳኳ ዛሬም እሱ ይመስለኛል።"

እናቴ ከፈኑን አስተካከለች። ቆይታ "እኛ ዘንድ ሴት ትሄዳለች" አለች።

"ቫኻ አይፈቅድም።"

"ቫኻን ለእኔ ተይልኝ።"

ሶላቱ ተሰገደ። ከመንደሩ የመጡት ጥቂት ወንዶች ቃሬዛውን ሊያነሡ ሲሉ ቫኻ ወደ እኛ ዞረ።

"ሴቶቹ እዚህ ይቆያሉ።"

እናቴ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። "ልጄ፣ ይሄ የማን መንደር ነው?"

"የእናንተ ነው።"

"መቃብሩስ?"

"እሱም የእናንተ።"

"እንግዲያው እኔ ያጠብኩትን ሰው አፈር ሳላለብስ ወደ ቤቴ ገብቼ አላውቅም።"

ቫኻ አንገቱን ደፋ፤ ለትልቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ እንደማያውቅ ያስታውቃል። "እርስዎ ይምጡ፣ እማማ፤ ወጋችሁ ነው። እሷ ግን የእኛ ናት። እሷ በእኛ ወግ ትቀራለች።"

እናቴ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ፔቲማት ቀደመቻት። በቼቼንኛ ጥቂት ቃል ተናገረች፤ ድምፅዋ አልጨመረም፣ እጇም አልተነሣም። ቫኻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በኋላ እሺም እምቢም ሳይል የቃሬዛውን የፊት እግር ያዘና ትከሻው ላይ አደረገ። ወንዶቹ ተከተሉት፤ ፔቲማትም ተከተለች።

ምን እንዳለችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነገረችኝ። "የወንድምህን መቃብር አሳየኝና እዚህ እቀራለሁ" ነው ያለችው።

አባቴ ከቁርኣን ያሲንን የሚቀራው አባቱ እንዳስተማሩት ነው፤ አረብኛው በእኛ አፍ ለስልሶ፣ ከጥድ ጫካ የወጣ ዜማ ሆኗል። ቫኻ መጀመሪያ ቅንድቡን ሰበሰበ። ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ ከአባቴ ጋር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እሱ የሚለው ቃል ቶሎ ይወጣል፣ አባቴ ይጎትተዋል፣ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ገና ነው። ጥቂት ራቅ ብሎ ዋሲል ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ብርዱ መላጣውን አቅልቶታል።

ቫኻ እናቱን ለመቀበል ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። አፈር መመለስ ሲጀመር ፔቲማት ጎንበስ ብላ በእጇ ዘገነች። አልወረወረችውም፤ ጣቶቿን ቀስ ብላ ከፈተችና ለቀቀችው። እንደገና ዘገነች። ሰዉ ሁሉ ጨርሶ ሲቆም እሷ ገና በእጇ አፈር ታለብሳለች፤ ማንም ተይ አላላትም። ስትነሣ ለእናቴ "ሁለት ሰው ቀበርኩ" አለቻት።

በወጋችን ከቀብር በኋላ ለመጣው ሰው ሁሉ ሰደቃ ይታደላል፤ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ሐላዋ። ሐላዋውን የላከችው የአዳም ሚስት ናት፤ አዳም ራሱ አልመጣም። እናቴ ለቫኻ የሰጠችው የወረቀት ከረጢት እጁ ላይ እንግዳ ሆነበት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሰደቃ ነው። ለነፍሷ።"

"ከረሜላ?"

"እናንተ ዘንድ ምንድን ነው?"

"በግ እናርዳለን።"

"በግ ከረጢት ውስጥ አይገባልኝም" አለች እናቴ። ቫኻ ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ከዚያ አለቀሰ። ዋሲል ትከሻውን ይዞ ወደ ቤታችን አወረደው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አዳም የፈራው መጣ። ከመቃብሩ በር ላይ አንድ ሰው በጥቁር ቀለም በትልቁ "ወደ አገራችሁ ሂዱ" ብሎ ጻፈ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያየው ዋሲል ነው፤ መጥቶ ሲነግረን ራሱ የጻፈው ይመስል አፍሮ ነበር።

አባቴ ቆሞ አነበበው። "አገራችሁ የቱ እንደሆነ አልጻፉም" አለ። "የእኔስ እታች ነው፣ ጭሱ ይታያል። ሄጄ ቀለም ላምጣ።"

ከመውረዱ በፊት አዳም ሲመጣ አየነው፤ በአንድ እጁ የቀለም ቆርቆሮ፣ በሌላው ብሩሽ። ለካ ወሬው ለእሱ ቀድሞ ደርሷል። በሩ ፊት ቆሞ ጽሑፉን ደጋግሞ ተመለከተ።

"ነግሬህ ነበር" አለ።

"ነግረኸኛል" አለ አባቴ።

አዳም ቆርቆሮውን ከፍቶ መቀባት ጀመረ። "አባቴ እዚህ ነው ያለው። አያቴ እዚህ ነው። የእሱም አባት። ወዴት ነው የምሄደው? ወዴት?"

"ለዛርጋን ነው የተጻፈው ወይስ ላንተ?"

"ለእኔ ነው እንጂ። እሷን ማን ያውቃታል? ስሟን እንኳ አያውቁም።" ብሩሹን ነክሮ ቆየ። "ስሟ ዛርጋን ነው እንዴ?"

"ሳትጠይቅ ኖረህ ነው" አለ አባቴ።

አዳም በሩን ጨርሶ ቀባ፣ የማያስፈልገውን ምሰሶም ቀባ። ስንወርድ ግን "ቢሆንም ማኅበሩ ደንብ ማውጣት አለበት፤ ዝም ብሎ የመጣ ሁሉ አይቀበርም" ማለቱን አልተወም። አዳም አዳም ነው።

በፀደይ፣ አገራችን የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በገባችበት ሰሞን፣ ቫኻ ቤልጂየም ወዳሉት አጎቶቹ ለመሄድ ቆረጠ። ሊሰናበት መጥቶ እናቱ መቃብር ዘንድ ብቻውን ቆየ። ፔቲማትን አብረሽኝ ነይ ቢላት እምቢ አለች። ለመናት፣ ተቆጣት፤ ብቻሽን ሴት ልጅ በሰው አገር ምን ትሆኛለሽ አላት። እሷ ግን አልሄድም እንዳለች ቀረች። ቫኻ ሲሄድ ለአባቴ "ሸህ ሱሌይማን፣ አደራ" አለው። አባቴ ሸህ አይደለም፤ ጡረታ የወጣ ትራክተር ነጂ ነው። ነገር ግን አላረመውም።

ፔቲማት ለመቆየት ፈቃድ ስትጠይቅ አብሬያት ሄድኩ። የሚመረምራት ሹም ሽበት የጀመረው ሰው ነበር፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ ይጠይቃል።

"ዘመዶችሽ ቤልጂየም ናቸው። አንቺ ለምን ፖላንድ መቆየት ፈለግሽ?"

"አማቴ እዚህ ናት የተቀበረችው" አለች።

አስተርጓሚው ሲነግረው ሰውየው መጻፉን ተወ። ወደ እሷ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ነበር የሚያየው።

"የእኔ አያት ቪልኖ ነው የተቀበሩት" አለ። "ድንበሩ ሲዛወር ቤተሰቡ ወዲህ መጣ፣ መቃብሩ ወዲያ ቀረ። እናቴ እስክትሞት ድረስ 'አሁን መቃብራቸውን ማን ያርምላቸው ይሆን' ትል ነበር።" ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ፈቃዱ በመከር መጣ።

ፔቲማት ቢያዊስቶክ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ ያዘች። ለዒድ ትመጣለች፣ እሑድም ስታገኝ ትመጣለች፤ ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ገብተው በዚያ በሚጠሉት ሩሲያኛ ስለ ሊጥ ይጨቃጨቃሉ። ለዛርጋን የሚቆም ድንጋይ ሲታሰብ አባቴ በየትኛው ፊደል እንጻፍላት ብሎ ጠየቃት።

"በእናንተው" አለች። "የሚያልፍ ሰው እንዲያነባት።"

ከዚያ ሌላ ነገር ማለት ፈልጋ መሐረቧን ስታፍተለትል ቆየች። ከዛርጋን ጎን ያለው ቦታ ባዶ መሆኑን ጠየቀች። ለኢሳ ነበር። አስከሬን እንደሌለ ታውቃለች፤ ቢሆንም አንዲት ትንሽ ድንጋይ ብቻ።

እንዲህ ያለው ነገር የማኅበሩ ነው፣ ማኅበሩም አዳም ነው። አዳም ተጠርቶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ኮፍያውን አወለቀ። ፔቲማት ራሷ፣ በዚያን ጊዜ በምትሰባብረው ፖላንድኛ፣ ጠየቀችው።

"ሰው የሌለበት መቃብር በወጋችን የለም" አላት።

ፔቲማት ራሷን ነቀነቀች። እናቴ ወንድሟን በዓይኗ ወጋችው። አዳም ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ፣ ወለሉን አየ።

"ግን ድንጋዩ ሰፊ ነው" አለ። "ከእናቱ ስም ሥር ቦታ አለ። ልጇ ኢሳ ተብሎ ቢጻፍ የሚከለክል ደንብ አላውቅም። ደንቡን የማወጣውም እኔ ነኝ።"

ድንጋይ ጠራቢውን ያመጣው አዳም ነው፤ ፊደሉ እንዳይጣመም ሲቆጣጠረው ዋለ። ሁለቱ ስሞች አንዱ ከሌላው ሥር ተቀረጹ፤ ለኢሳ የተወለደበት ዓመት ብቻ ተጻፈ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቦታ ባዶ ተተወ።

ድንጋዩ በቆመ በማግሥቱ ፔቲማት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ እናቴ ቤት ለባሏ ለቅሶ ተቀመጠች። ወሬው በመንደሩ ተሰማ። የዋሲል ሚስት ዳቦና እንቁላል ይዛ መጣች። አዳምና ሚስቱ መጡ። ከወዲያኛው መንደር፣ ዛርጋንንም ኢሳንም በሕይወት ያላዩ ሁለት ካቶሊክ አሮጊቶች መጡ። ምን እንደሚባል ስላላወቁ እያንዳንዳቸው በየወጋቸው የሚባለውን አሏት። እሷም ለእያንዳንዱ እየተነሣች እጅ ነሣች፤ ስለ ኢሳም ለጠየቃት ሁሉ ነገረች፤ ቁመቱን፣ ሲስቅ እንዴት እንደነበረ፣ ሻዩን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ።